መልስ፦ «መትቶኝ አያውቅም፤ ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ?»

እህቴ፣ ደሞዝሽን የሚቀበልሽ፣ ስልክሽን የሚፈትሽሽ፣ ሂርማታ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ ሰዓት የሚቆጥርብሽ ባል «ቀናተኛ ነው» ተብሎ አይታለፍም። «አሁን ደግሞ ምን ይለኝ ይሆን?» እያልሽ ስትጠብቂ ሰውነትሽ አያርፍም፦ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ልብሽ ይደነግጣል፣ እየቆየ የምትገዢውን ሽንኩርት እንኳ በራስሽ መወሰን ያቅትሻል። ጭንቀትና ድብርት የሚከተሉት እንዲህ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ሐኪሙ ዘንድ ብቻሽን ግቢ፤ ባልሽ አጠገብሽ ከተቀመጠ «ደህና ነኝ» ብለሽ ትወጫለሽ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ዛሬውኑ ሂጂ።

የመታወቂያሽንና የጋብቻ ወረቀትሽን ኮፒ፣ ትንሽ ገንዘብም ጨምረሽ፣ የምታምኛት ዘመድሽ ጋ አስቀምጪ። የወረቀቶቹን ፎቶ ስልክሽ ላይ አታስቀሪ። ሽማግሌ መላኩ አይከፋም፣ ብዙዎቹ ግን «ቻዪው» ብለው ይመልሱሻል። ልትለዪው ካሰብሽ አስቀድመሽ አትንገሪው፤ ሴት ስትወጣ አደጋው ይብሳል። እጁን ካነሳ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ በኃይል የሚደርስን የአእምሮ ጤና ጉዳትም ስለሚሸፍን የሕክምና ማስረጃሽን ያዢ። ይህንንም መልስ አንብበሽ ከስልክሽ አጥፊው።