እስስት ቤት ላስገባችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ጀመዓ፣ ጦሳ ነኝ። ሳዑዲ፣ አብሃ ውስጥ አትክልተኛ ሆኜ ስሠራ የየመን እስስት ስድስት ዓመት አሳድጌአለሁ። ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው በየመንገዱ እያስቆመ ይጠይቀኛል። በሉ ዛሬ እዚህ ጠይቁኝ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር። የአገራችን እስስት የዱር እንስሳ ናት። በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። አጥር ላይ ያያችኋትን እዚያው ተዋት። ሁለተኛ፣ በመስታወት ሳጥን ያስቀመጣችሁ ካሁኑ አውጧት።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ጋሼ፣ የድሮ የዓሣ መስታወት አለኝ። መስኮት ጥግ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። አይሆናትም?

ጦሳ፦ አሁን ምን አልኩ? በመስታወት አልፎ የሚገባው ብርሃኑና ሙቀቱ ነው። እስስት ግን ቫይታሚን ዲ የምትሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው፤ ተራ መስታወት እሱን ያስቀረዋል። ቫይታሚኑ ከሌለ የበላችው ካልሲየም አይጠቅማትም። ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ መሳብ ይጀምራል። መጀመሪያ መጨበጥ ያቅታታል፣ ከቅርንጫፍ ትወድቃለች። ቀጥሎ እግሯ ይጎብጣል። መንጋጋዋ ይለሰልስና ምላሷን መወርወር ይሳናታል። የጎበጠው እግር ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። እኔ የመጀመሪያዋን የገደልኳት እንዲህ ነው። ሰፊ መስኮት፣ ሙሉ ፀሐይ፣ አራት ወር። ደስ ብሏት የምትሞቅ ይመስለኝ ነበር።

መስታወት አየርም ያፍናል። የራሷን መልክ እያየች ሌላ እስስት መጣብኝ ብላ ስትጨነቅ ትውላለች። ስለዚህ አናጺ ጋ ሂድ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 120። ዙሪያውን የወባ ትንኝ ወንፊት ይመታ። ቁመቱ ላይ አትሰስት፣ የዛፍ ፍጡር ናት። ውስጡን በቅርንጫፍ ሙላው፣ ሾላ ወይ ጭብሃ በባልዲ ተክለህ አስገባ። ቅንጭብና ቁልቋል እንዳታስገባ፣ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል። ቀን ላይ ከነቤቷ ደጅ አውጣት፣ ግማሹ ጥላ ይሁን። ደጅ ማውጣት ካልቻልክ የአልትራቫዮሌት ቢ ዘንግ አምፖል ያስፈልግሃል። እሱም ቢበራም ጨረሩ ይደክማል፣ ዓመት ሳይሞላው ቀይረው።

የኮምቦልቻዋ፦ የማሞቂያ አምፖልስ ግዴታ ነው?

ጦሳ፦ እንደ ቦታሽ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ጃኬት የምትለብሺው በከንቱ አይደለም። የየመኗ መሞቂያዋ ላይ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ትፈልጋለች፣ ታችኛው ቅርንጫፍ ቀዝቀዝ ይበል። አምፖሉ ከወንፊቱ ውጪ ከላይ ይሁን፣ ውስጥ ከሆነ ትቃጠላለች። ማታ ይጥፋ። ቴርሞሜትር ግዢ፣ በእጄ ዳበስኩት አትበይኝ።

ሙጋድ፦ እስስቴ አትበላም። ምን ላድርግ?

ጦሳ፦ የየት ናት? ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው? ዓይኗ ክፍት ነው ዝግ? ቤቷ ምንድን ነው?

ሙጋድ፦ እኔ እንጃ፣ ብቻ አትበላም።

ጦሳ፦ ቀጣይ።

ሐረጎ፦ እኛ ሰፈር ከጫት ማሳ ፌንጣ እንደ ጉድ ይለቀማል። ላምጣላችሁ?

ጦሳ፦ ከጫት ማሳ? ኧረ ወንድሜ! ጫት ላይ ስንት መድኃኒት ይረጫል። ፌንጣው ወዲያው ላይሞት ይችላል። መርዙን ይዞ ይዘላል፣ አንተ ይዘህ ታጎርሳታለህ። በ2013 መኸር አንበጣ ወሎን ሲወር መድኃኒት ሲረጭ አይተሃል አይደል? ያኔ አንበጣ ለቅሜ ለዶሮ ልስጥ ያለውን ጎረቤቴን ያልኩትን ላንተም እላለሁ፦ ተው። ካልተረጨ ሣር ልቀም፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ራስህ ማርባት ነው። ወንፊት ክዳን ያለው ባልዲ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ካሮትና ጎመን ይበቃል። የምትሰጣት ነፍሳት በሁለት ዓይኖቿ መሃል ካለው ስፋት አይብለጥ። የካልሲየም ዱቄት ነስንስበት። ቫይታሚን ዲ3 ያለው ዱቄት በወር ሁለቴ ብቻ፣ ከበዛ ይጎዳል።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ቀይ ጨርቅ ላይ ባስቀምጣት ቀይ ትሆናለች?

ሐረጎ፦ ትሆናለች እንጂ! «እንደ እስስት» የሚባለው ለምን ሆነና?

የኮምቦልቻዋ፦ ውሸት። እኔ ቢጫ ፎጣ ላይ አድርጌያት ጠቁራ ነው ያመሸችው።

ሐረጎ፦ ያንቺ ታማ ይሆናል።

ዙሪያ ወረዳ፦ አያቴ ደግሞ እስስት ፊት አትሳቅ፣ ጥርስህን ካየች ይረግፋል ትል ነበር።

የኮምቦልቻዋ፦ የአያትህ ጥርስ ስንት ቀረ?

ዙሪያ ወረዳ፦ ሙሉ ጥርሷን ይዛ ነው የሞተችው። ስቃ አታውቅም።

ጦሳ፦ ጨረሳችሁ? ቀለሟ ጨርቅ አይከተልም፣ ስሜቷንና ሙቀቷን ነው። እንዴት እንደምትለውጠው እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። እርስ በርስ ሲራራቁና ሲቀራረቡ የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል። የጠቆረችው በርዷት ወይ ፈርታ ነው። ፎጣውን ተዪው፣ እሷንም ደጋግመሽ አትያዣት። መርዝም የላትም፣ ጥርስም አታረግፍም።

የኮምቦልቻዋ፦ እሺ ጋሼ። ውሃ በሳህን ባስቀምጥላት አትነካውም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል።

ጦሳ፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። እስስት የምትጠጣው ከቅጠል ላይ ጠብታ እየላሰች ነው። ባዶ ሃይላንድ በመርፌ ብሺ፣ ከቤቷ በላይ አንጠልጥዪ፣ ቀስ እያለ ቅጠል ላይ ይንጠብጠብ። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን ርጪ፣ በመሃል ይድረቅ። ከኩሷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር እዪው። ወደ ብርቱካንማ ከሄደ ጠምቷታል። ቀን ላይ ዓይኗን ጨፍና ከዋለች፣ ወይም አፏን ከፍታ አረፋ ካወጣች ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ እኔን አትጠብቂ። እስኪሻላት አብሽሪ።

ሆጤ፦ ብቻዋን እንዳትሆን ሁለት አንድ ላይ ማኖር ይቻላል?

ጦሳ፦ አይቻልም።

ሆጤ፦ ወንድና ሴት ቢሆኑስ?

ጦሳ፦ አይቻልም አልኩ እኮ። የየመን ሴት ያለሽ ግን ስሚ፣ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል።

ሙጋድ፦ ጋሼ ተመለስኩ፣ አይቻታለሁ። ዓይኗ ክፍት ነው። ልጄ ከአጥር ላይ ካመጣት ሁለት ሳምንቷ። ሱቅ መስኮት ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ነው ያለችው።

ጦሳ፦ ያ አላህ! ስንት ሰዓት ሙሉ ለማን ነው የማወራው? ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ ካመጣት አጥር ላይ መልሷት።

ሙጋድ፦ ልጁ ያለቅሳል እኮ።

ጦሳ፦ ይዘኸው ሂድ። የቱ አጥር እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።