ሳማ የት ይለቀማል?

እህቴ፣ «እናቴ ከገጠር መጥታ ለፍልሰታ ሳማ አማረኝ አለች፤ አዲስ አበባ አካባቢ የት አገኛለሁ? ለመሆኑ ይበላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሳቁብሽን ተያቸው። ይበላል፣ ያውም ይጣፍጣል። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሳማ ያልተሠራበት ቤት አልነበረም።

ሳማ ደገኛ ነው። ቆላ ወርደሽ ብትፈልጊ ድካም ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ሰሜን ሸዋ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ አርሲ፣ ደጋው ላይ ሞልቷል። አዲስ አበባም ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ መራቅ አያስፈልግሽም፤ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይ ሆለታ በኩል ወጣ በይ። ሰው የሚደክመው ጫካ ገብቶ ሲፈልግ ነው። ሳማ ፍግ የጠገበ መሬት ስለሚወድ ሰውና ከብት ካለበት፣ ወይም ከነበረበት አይርቅም፤ አጥር ጥግ፣ በረት ጀርባ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር፣ የፈረሰ ቤት ካለም ፍርስራሹ ላይ እዪ። ባለቤቶቹ ለቀው ከሄዱ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ በረቱ የት እንደነበረ ሳማው ይነግርሻል።

ከተማ ውስጥ ወንዝ ዳር የበቀለውን ግን እንዳትነኪ። ለምለም ነው፣ ያጓጓል፤ የሚጠጣው ግን የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። መኪና የሚበዛበት አስፋልት ዳር ያለውንም እለፊው።

ወቅቱ ክረምት ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ያቆጠቁጣል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲጾም ለጋው በሽ ነው። አዲስ እህል ያልደረሰበት፣ ጎተራው የሚራቆትበት ጊዜም ስለሆነ «የችግር ቀን ምግብ» የሚል ስም ወጥቶለታል። አንዳንዱ ከተማ ሲገባ «ሳማ? በልቼ አላውቅም» የሚለው በዚሁ የተነሳ ነው እንጂ እናቱ ቤት ጠግቦ ነው ያደገው።

ስትለቅሚ ጫፉን ብቻ፣ ከላይ ያሉትን ለጋ ቅጠሎች ውሰጂ። አበባ ካወጣ ተይው፣ ይሻክራል፣ ለሆድም አይመችም። ስስ ፌስታል እጅሽ ላይ አጥልቀሽ እንዳትሞክሪ፤ እሾሁ ብስት አድርጎት ይገባል። ወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ይበቃል፣ እጅጌሽንም አውርጂ። ቅጠሉን ፈራ ተባ እያሉ የነካ ነው የሚለበለበው። ጥብቅ አድርጎ የያዘው ጸጉሮቹ ስለሚተኙለት ብዙም አያገኘውም። ከነካሽ አትከኪው፣ በሳሙናና በውሃ ታጠቢ። እኛ ልጅ ሆነን ቱልት የሚባለውን ቅጠል ጨምቀን እንቀባው ነበር።

ውጭ አገር ያላችሁም አትከፉ። የእኛው ሳማ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል ዝርያ ነው፣ ግን የቅርብ ዘመዱ አውሮፓንም አሜሪካንም ሞልቶታል። እዚያ የሚለቀመው በጸደይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሳያብብ ነው።

ስኳርም ደም ግፊትም ይፈውሳል እያሉ በየቪዲዮው የሚያወሩትን ግን ለኔ አትላኩልኝ። ብረትና ካልሲየም ያለው ጥሩ ጎመን ነው፣ በቃ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አዘውትሮ ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሠራሩን እናትሽ ካንቺም ከኔም የተሻለ ያውቁታል፤ ለማንኛውም እኛ ቤት እንዲህ ነው። ቅጠሉን ጓንትሽን ሳታወልቂ አጥበሽ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ትንሽ ሲፈላ መለብለቡ ይጠፋል፣ ክምር የነበረውም እፍኝ ታክላለች፣ ስለዚህ በርከት አድርገሽ ልቀሚ። ሲበስል በእንጨት ማማሰያ ድቅቅ እስኪል እሺው። ከዚያ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት እየነሰነስሽ አማስይ፤ አንዴ ከዘረገፍሽው ይጓጉላል፣ ከጓጎለ አይመለስም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ከላይ ትንሽ ዘይት። እንደ ሽሮ ወፈር ሲል አውጪውና በትኩሱ በእንጀራ ብሉት።