የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲሲኤንኤ፣ ስዊችና የጠፋው ኢንተርኔት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም የመጡት ከሐዋሳ ነው።

ጥያቄ፦ በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ። ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ለሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሙያ ምስክር ወረቀት) ፈተና ልክፈላት ወይስ ያገለገለ ስዊችና ራውተር ልግዛባት? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ለጊዜው ለሁለቱም አይክፈሉ። ፈተናው 300 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ደግሞ 3 ዓመት ብቻ። ቸኩለው ተፈትነው ሥራ ሳያገኙ ዓመት ካለፈ፣ ከሦስቱ አንዱ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ልምምዱን ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሠራው ፕሮግራም፣ በፓኬት ትሬሰር፣ ይጀምሩ። በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ለተመዘገበ ሰው በነፃ ይገኛል፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕም ይችለዋል። አንድ ራውተርና ሁለት ስዊች አስቀምጠው ሦስት ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ ኔትወርኮች) ይክፈቱ፦ 10 ለቢሮ፣ 20 ለሒሳብ ክፍል፣ 30 ለእንግዳ። ራውተሩ በአንድ ገመድ ሦስቱንም ያገናኝ፣ በዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ በራሱ በሚሰጥ አገልግሎት) አድራሻ ያድል፤ እንግዳው ወደ ሒሳብ ክፍል እንዳያልፍ ደግሞ በአክሰስ ሊስት ይከልክሉት። ሲሠራልዎት ሁሉንም አጥፍተው ማስታወሻ ሳያዩ እንደገና ይሥሩት። ቀጥሎ ሁለተኛ ራውተር ጨምረው ወደ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ስልት) ይግቡ። ከፈተናው ትልቁን ድርሻ፣ 25 በመቶውን፣ የያዘው ይሄው የራውቲንግ ክፍል ነው። ሰብኔት (የአድራሻ ክፍፍል) በቃል ይወጣ፦ ስላሽ 26 ሲባል 64 አድራሻ፣ ከዚያ ውስጥ ለመሣሪያ የሚውለው 62። ይህን ለማስላት ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው 120 ደቂቃው አይበቃውም።

ፓኬት ትሬሰር የማያሳይዎት ነገርም አለ። ውስጡ የተበጠሰ ኬብልና አቧራ የደፈነው ማራገቢያ እዚያ የሉም። ስለዚህ ገንዘብዎ መጀመሪያ ወደ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ)፣ ቴስተር (የኬብል መፈተሻ) እና ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊች የሚያገናኝ) ይሂድ። ከዚያ በኋላ ያገለገለ ሲስኮ 2960 ስዊች በጥሩ ዋጋ ከተገኘ ይግዙ። ሻጩ «ፓስወርዱን አላውቀውም» ቢልዎት አይደንግጡ፤ ዋጋ ለማስቀነስ እንዲያውም ይጠቅማል። ኃይሉን ይንቀሉና ከፊቱ ያለውን «ሞድ» የሚባል ቁልፍ እንደተጫኑ መልሰው ይሰኩት። በኮንሶሉ ላይ «ስዊች» የሚል መጠበቂያ ሲመጣ «ፍላሽ ኢኒት» ብለው ይጻፉ፤ «ኮንፊግ ዶት ቴክስት» የሚባለውን ፋይል ስሙን ይቀይሩና «ቡት» ይበሉት። ያለ ፓስወርድ ባዶውን ይነሣል።

ስለ ዳምፕ (ሾልከው የወጡ የፈተና ጥያቄዎች) ለሚያስቡም፦ ጥያቄ ሸምድዶ ያለፈ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ሲሰጠው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ፋብሪካ አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። በትራንክ ፖርት (ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ በሚያልፍበት) ላይ ቪላን 40ን ስፈቅድ የነበሩት ቪላኖች በሙሉ ቆሙ። እኔም በሪሞት ስለነበርኩ ስዊቹ ከእጄ ወጣ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ «አድ» የምትለዋን ቃል ዘለሏት። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 40» ማለት ከ40 በቀር ሌላ አይለፍ ማለት ነው፤ የነበረውን ዝርዝር ይሽራል። ትክክለኛው «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 40» ነው። ስዊቹን የሚያስተዳድሩበት ቪላንም በዚያው ገመድ ስለሚያልፍ አብሮ ተቆረጠ።

በሪሞት ትራንክ ከመንካትዎ በፊት ያለውን ኮንፊግ ሴቭ ያድርጉና «ሪሎድ ኢን 10» ይበሉ። ከተቆለፉ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ተነሥቶ ወደ ድሮው ኮንፊግ ይመለሳል። ነገሩ ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል»፣ ከዚያ ሴቭ። ካንስል ማድረጉን የረሳ ሰው ግን በሥራ ሰዓት ስዊቹን ያስነሣዋል፤ መስመሩ ሁሉ ስፌት ላይ እያለ ይህ እንዲደርስብዎት አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የኔትወርክ ኃላፊ ነኝ። አንዳንድ እንግዶች ዋይፋይ ተገናኝቶላቸው ኢንተርኔት የለም ይላሉ። የእኛ አድራሻ በ10.10.20 ይጀምራል፤ በስልካቸው ላይ ግን 192.168.0 ነው የማየው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አድራሻ የማያገኙ አሉ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ አንድ ሰው ከቤት ያመጣውን የዋይፋይ ራውተር በላን ፖርቱ በኩል ግድግዳው ላይ ሰክቷል። ራውተሩም ከእርስዎ ሰርቨር ጋር እየተሽቀዳደመ አድራሻ ያድላል። ፈጥኖ የመለሰው ያሸንፋል፤ «አንዳንድ እንግዶች» የሆነውም ለዚህ ነው። ለማግኘት ችግሩ ያለበት ላፕቶፕ ላይ «አይፒኮንፊግ ኦል» ብለው የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን አድራሻ ይያዙ፣ በ«አርፕ» ማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ያውጡ፣ ከዚያ በስዊቹ የማክ አድሬስ ቴብል ላይ በየትኛው ፖርት እንዳለ ይፈልጉ። ፖርቱ ወደ ሌላ ስዊች የሚወስድ ከሆነ እዚያም ይድገሙት፤ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ወይም የጥበቃ ቤት በር ላይ ያደርስዎታል።

እንዳይደገም ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ያልተፈቀደ አድራሻ አዳይን የሚያግድ የስዊች መከላከያ) ይክፈቱ። ነገር ግን አስቀድመው ወደ እውነተኛው ሰርቨር የሚወስደውን ፖርት «ትረስት» ያድርጉት፤ ይህ ከተረሳ ሆቴሉ በሙሉ አድራሻ ያጣል። ትረስት ተደርጎም አድራሻ ካልመጣ፣ ስዊቹ በጥያቄው ላይ የሚጨምረውን ኦፕሽን 82 ሰርቨሩ እየጣለው ሊሆን ስለሚችል «ኖ አይፒ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ኢንፎርሜሽን ኦፕሽን» ይበሉ።

ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። በስላሽ 24 ያለዎት 254 አድራሻ ነው። ለፍቼ ጫምባላላ ከተማው ሲሞላ አንድ እንግዳ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፤ ትናንት የወጣው ሰው አድራሻም ሊዙ (አድራሻው የተሰጠበት ጊዜ) እስኪያልቅ ድረስ አይለቀቅም። ዊንዶውስ ሰርቨር ካልተነካ ሊዙ 8 ቀን ነው። ለእንግዳ ቪላን ወደ 4 ሰዓት ያውርዱት። ካልበቃ ስላሽ 23 ያድርጉት፣ 510 አድራሻ ያገኛሉ፤ የራውተሩን ማስክ አብሮ መቀየር አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ 2ኛ ዓመት ናት። ኔትወርክ መሐንዲስ ለመሆን ትምህርት ትቀይር?

መልስ፦ አባቷ፣ አትቀይር። ፕሮግራሚንጉ አይባክንም፤ የሲሲኤንኤ 10 በመቶው አውቶሜሽን ነው፤ በፓይተን ሃምሳ ስዊች በአንዴ ባክአፕ የምታደርግ ልጅ ደግሞ ተፈላጊ ናት። የሚጎድላት የእጅ ሥራ ነው። ለአፓረንትሺፕ ስትወጣ ወረቀት ከምታስተካክልበት ቢሮ ይልቅ ሰርቨር ክፍል የሚያስገባትን ትምረጥ። ሊኑክስም ከአሁኑ ትጀምር።

ጥያቄ፦ ከቢሮ እስከ ግቢ በር 130 ሜትር ካት 6 ኬብል ዘርግቼ በፒኦኢ (ኃይሉ በኔትወርክ ኬብሉ በሚሄድበት ዘዴ) ካሜራ ሰቀልኩ። ቴስተሩ ስምንቱንም ያበራል፤ ካሜራው ግን ማታ ማታ ይጠፋል።

መልስ፦ ቴስተሩ የሚነግርዎት ሽቦው ጫፍ ለጫፍ መገናኘቱን ብቻ ነው። የመዳብ ኬብል ወሰን ከነፓች ገመዱ 100 ሜትር ነው፤ በ30 አልፈዋል። ማታ የሚጠፋው ካሜራው የኢንፍራሬድ መብራቱን ሲያበራ ተጨማሪ ኃይል ስለሚስብ ነው፤ በረጅም ሽቦ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሽቦውን በምላጭ ይፋቁት፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ከንጹህ መዳብ የበለጠ ኃይል ያባክናል።

አገጣጠሙንም ይዩት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ የፈለግሁትን ቀለም ባስከትል ችግር የለውም የሚለው ስሕተት ነው፤ ጥንዶቹ ከተለያዩ ቴስተሩ ያበራል፣ ዳታው ግን ይረበሻል። ጥንዱን ሲፈቱም ከ13 ሚሊሜትር አይለፉ።

መፍትሔው መሐል ላይ ሣጥን ውስጥ ስዊች ማስቀመጥ ወይም እስከ በሩ ፋይበር መዘርጋት ነው። በሩ ላይ መብራት ካለ ፋይበሩን ይምረጡ፤ መብረቅ በሽቦው ተሳፍሮ ቢሮ አይገባም።