የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቡድንን ተከትሎ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። የ12 ዓመት ልጄ የሰፈራችን ክለብ የዌስተርን ቡልዶግስ ደጋፊ ከሆነ ቆይቷል፤ እኔም እሱን ለማስደሰት ብዬ የጀመርኩት ፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) አሁን ለራሴ ለምዶብኛል። ልጄ ዘንድሮ ቡድናችን ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ለማየት ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ድረስ ካልወሰድከኝ እያለ ይወተውተኛል። ባለቤቴ ግን በተጋጣሚ ደጋፊዎች መካከል ልጅ ይዞ መቀመጥ ያሰጋታል፤ በቴሌቪዥን የምናየው የአውሮፓ እግር ኳስ እንግዳ ደጋፊዎችን በፖሊስ አጅቦ ለብቻ የሚያስቀምጥ ነውና። ለመሆኑ ጉዞው ያዋጣል? ካዋጣስ ከምን ልጀምር?
(ከፉትስክሬይ)

መልስ፦ ባለቤትዎን ካሰጋቸው ነገር እንጀምር። በአውስትራሊያ ፉቲ የባለሜዳና የእንግዳ ደጋፊ የሚለያይበት አጥር የለም፤ ሁለቱም በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ፣ በአንድ በርም ይወጣሉ። ሊጉ ለረጅም ዘመን በዋናነት የሜልበርን ሰፈሮች ውድድር ስለነበረ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ለተለያየ ቡድን እየደገፉ አብረው ስታዲየም መግባታቸው የተለመደ ነው። የሳውዝ ሜልበርን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ሲድኒ ከተዛወረ፣ ከዚያም በ1987 የፐርዙ ዌስት ኮስትና የብሪዝበን ቡድን ከገቡ በኋላ ሊጉ አገር አቀፍ ቢሆንም ልማዱ አልተለወጠም። ዛሬም ከ18ቱ ክለቦች 10ሩ ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ናቸው።

ይህ ሲባል ግን በእንግድነት መቀመጥ ለጆሮ ቀላል ነው ማለት አይደለም። የፐርዙ ስታዲየም 60,000 ያህል ሰው ይይዛል፤ የቡልዶግስ ተጫዋች ኳስ እንደያዘ በተጋጣሚ ሲጠመድ ያ ሁሉ ሕዝብ ዳኛው ቅጣት እንዲሰጥ በአንድ ድምፅ «ቦል!» (ኳስ!) ብሎ ይጮኻል። ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ ሲቀር ደግሞ የሚከተለውን የቁጣ ጩኸት ልጅዎ መጀመሪያ ላይ ሊደነግጥበት ይችላል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ከጎኑ የተቀመጡት አዛውንት የባለሜዳውን ማሊያ እንደለበሱ ስለ ጨዋታው ሲያወሩት ማየትዎ አይቀርም። እውነተኛው ችግር፣ በተለይ በምሽት ጨዋታዎች፣ ጠጥቶ አፉን የሚከፍት ሰው ነው። ስለዚህ ቲኬት ሲገዙ ስታዲየሙ አልኮል የማይፈቀድበት የቤተሰብ መቀመጫ እንዳለው አስቀድመው ይመልከቱ፤ ወይም ከጎሉ ጀርባ የራስዎ ክለብ አደራጅ ደጋፊዎች ከሚቀመጡበት አካባቢ ቦታ ይፈልጉ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲገቡ ቀደው የሚያልፉበትን ግዙፍ የወረቀት ባነር የሚሠሩትና በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ያጌጡ ግዙፍ የጥብጣብ ጉንጉኖችን የሚያወዛውዙት እነርሱ ናቸው፤ ለ12 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም።

ቲኬትን በተመለከተ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የክለብዎ የአባልነት ካርድ በሜዳችሁ የሚደረጉ ጨዋታዎችን የሚያስገባ እንጂ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚደረገውን በራሱ አያስገባም። የዚያን ቀን ሻጩ ባለሜዳው ነው፤ ፐርዝ ላይ ደግሞ አብዛኛው መቀመጫ አስቀድሞ በባለሜዳው ክለብ አባላት የተያዘ ስለሆነ ለሕዝብ የሚቀረው ጥቂት ነው። ክለብዎ ከሜዳ ውጭ ስለሚደረጉ ጨዋታዎች ለአባላቱ የሚልከውን የኢሜይል ማስታወቂያ ሳያነቡ አያልፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የውድድር ዘመኑ መርሐ ግብር አስቀድሞ ቢወጣም፣ የኋለኞቹ ዙሮች ትክክለኛ ቀንና ሰዓት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ዙሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚውል ያውቃሉ፤ ጨዋታው ሐሙስ ማታ ይሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አያውቁም። የአውሮፕላን ዋጋ ርካሽ ሆኖ ሲያዩት እጅዎ ቢበላዎትም ሰዓቱ ተረጋግጦ እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አይግዙ። የመመለሻ በረራውንም ከጨዋታው ጋር አያጠባብቁ። ጨዋታው 4 ሩቦች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው ቢባልም ኳስ የቆመበት ጊዜ እየተጨመረ ከእረፍቶቹ ጋር ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ጉዞው ያዋጣል ወይ ላሉት፣ አዎን ያዋጣል፤ ነገር ግን በፐርዝ አይጀምሩ። ከሜልበርን ፐርዝ በአየር 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሄጃው 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ በክረምት ሰዓቱ ከሜልበርን በ2 ሰዓት ይዘገያል፤ ከምሽት ጨዋታ በኋላ የሚገኘው በረራም ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነሥቶ ንጋት ላይ የሚያርፍ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ይዞ ይህን ማድረግ ለአባትም ለልጅም ቅጣት ነው። የደቡብ አውስትራሊያዋ አደላይድ ግን በአውሮፕላን ከ1 ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ በመኪናም ቢሆን 725 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ይገባል። ስታዲየሙ መሐል ከተማ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ወጥተው የቶረንስን ወንዝ በእግረኛ ድልድይ ከተሻገሩ ደረሱ። ፐርዝን የቪክቶሪያ ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ለሚዘጉበት ጊዜ ያቆዩት፤ መርሐ ግብሩ ከገጠመልዎ እሰየው።

ለልጅዎ በመንገድ ላይ የሚነግሩት ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቡልዶግስ የመደበኛውን ውድድር 7ኛ ሆኖ ጨርሶ ማንም ሳይገምተው በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ፐርዝ ላይ ዌስት ኮስትን ጣለ። ቀጥሎ ሜልበርን ላይ አንድ ጨዋታ አሸንፎ፣ ሲድኒ ላይ ደግሞ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን በ6 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ጎል ልዩነት ብቻ ሲረታ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎቹ በአውቶቡስና በመኪና ተጉዘው ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ከ1954 ወዲህ ያላገኘውን ዋንጫ አነሣ።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ ወር ዘመዶቼ ከሜልበርን «ጋዘር ራውንድ» ለማየት እኔ ቤት ሊያርፉ ነው። ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባኝም። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ስለሆነ ስታዲየም ውስጥ ምን እንደሚበሉም አሳስቦኛል።
(ከአደላይድ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በየዓመቱ ሁሉም 18 ቡድኖች በአንድ ሳምንት መጨረሻ እርስዎ ዘንድ ይሰበሰቡና 9ኙንም ጨዋታዎች በአደላይድና በአካባቢዋ ያደርጋሉ። አብዛኛው በትልቁ ስታዲየም ነው፤ ጥቂቱ ግን በትንንሽ ሜዳዎች ስለሚሆን የእነዚህ ቲኬት ቶሎ ያልቃል። ሆቴል በዚያ ሳምንት እሳት ስለሆነ፣ ዘመዶችዎ ለማረፊያው ምስጋና እንዳይሰስቱ ያስታውሷቸው።

ስታዲየም ውስጥ የሚሸጠው በአብዛኛው የሥጋ ፓይ፣ ሆት ዶግና የድንች ጥብስ ነው፤ ድንቹም በምን ዘይት እንደተጠበሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ስታዲየሞች ብርጭቆና ቆርቆሮ እስካልያዙ ድረስ ከቤት የመጣ ምግብ ይፈቅዳሉ፤ የስታዲየሙን መመሪያ አይተው ቆሎና የጾም ዳቦ ያስይዟቸው። ቆሎ አራቱንም ሩቦች ያዘልቃል፤ አጠገባቸው የተቀመጠው እንግዳም ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ለጨዋታ ፐርዝ ስሄድ እዚያ ለምትኖረው እህቴ ማር ልውሰድላት?
(ከሰንሻይን፣ ሜልበርን)

መልስ፦ አይውሰዱ። ምዕራብ አውስትራሊያ ንቦቿን ከበሽታ ለመጠበቅ ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች ማር እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልትም ቁጥጥር አለባቸው፣ ለመንገድ የያዙትን ሙዝና ብርቱካን አውሮፕላን ውስጥ ጨርሰው ይውረዱ። ጥሬ ቡና ወይም ለዘር የሚሆን እህል ካለዎት በአውሮፕላን ማረፊያው ለኳራንቲን ሠራተኞች ያሳዩ። ማሩን እዚያው ይግዙላት፤ የምዕራብ አውስትራሊያ የጃራ ዛፍ ማር ጠቆር ያለና የታወቀ ነው።