ወጣት ሳይንቲስቶችና የሳይንስ ዲፕሎማሲ፦ ከሀዋሳ የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጠያቂዎቹ ሀዋሳ የሚያስተምሩ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። መልስ የሰጠው የአንድ ዓለም አቀፍ የወጣት ሳይንቲስቶች ኔትወርክ አባል ነው።

ጥ፦ ዶክተር፣ የሳይንስ ዲፕሎማሲ ከኤምባሲ ሥራ በምን ይለያል?

መ፦ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲና የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰነድ በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ለድርድር ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው ዲፕሎማቶች ለጋራ ምርምር በር መክፈታቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ መንግሥታት ሲኮራረፉ በሳይንስ በኩል መነጋገርን አለማቋረጥ። ሦስተኛውን ማየት የፈለገ ዮርዳኖስ ውስጥ አላን ወዳለው የሴሳሚ ላቦራቶሪ ይመልከት፤ ብርቱ ጨረር እያመነጨ ቁሶችን የሚመረምር የብዙ አገሮች የጋራ መሣሪያ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ኢራን፣ እስራኤል፣ ፍልስጤም፣ ቱርክና ቆጵሮስ ሁሉም አባላት ነበሩ። ፍቅር ይዟቸው አይደለም፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ አገር ብቻውን ስለሚከብደው ነው።

ጥ፦ ይህ የአንጋፋዎቹ ሥራ ይመስላል። ወጣቱ የት ጋ ነው የሚገባው?

መ፦ ልኬቱ ላይ። የኦሞ ወንዝንና የቱርካና ሐይቅን ነገር እንውሰድ። ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውኃ ከ80 በመቶ በላዩ ከኦሞ ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያና ኬንያ ስለ ውኃው ጥራት መነጋገራቸው አይቀርም። አንዱ ላቦራቶሪ ውጤቱን በፎስፈረስ፣ ሌላው በፎስፌት ቢጽፍ፣ ያው ውኃ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ሦስት እጥፍ የተበከለ ይመስላል፤ ፎስፌት የኦክስጅኑንም ክብደት ስለሚጨምር ልዩነቱ 3.07 እጥፍ ነው። ናሙናው ከስንት ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ወር ተቀዳ? ከመመርመሩ በፊት ተጣርቷል? ይህ ካልተስማማ ሚኒስትሮቹ የሚከራከሩት በወረቀት ስሕተት ላይ ነው። ጠርሙሱን በእጁ የሚይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ ነው። የኔትወርክ ዋና ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ማዶ ያለውን የሥራ ባልደረባ ደብዳቤ ሳያስፈልግ «በምን ዘዴ ለካችሁት?» ብሎ መጠየቅ መቻል ነው።

ጥ፦ የዓባይ ጉዳይ ላይ ሳይንቲስቶች ተቀምጠው አልነበር? ምን ፈየደ?

መ፦ ተቀምጠዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ አምስት አምስት፣ በድምሩ 15 ተመራማሪዎች የግድቡን አሞላልና አሠራር እንዲያጠኑ ተመድበው ነበር። ሳይንቲስት ይህን ያህል ውኃ ቢያዝ ታች ያለው በዚህን ያህል ይቀንሳል ማለት ይችላል። ቅናሹን ማን ይሸከም የሚለው ግን የስሌት ጥያቄ አይደለም። ሁለቱን የሚቀላቅል ወጣት በሁለቱም ወገን አመኔታ ያጣል።

ጥ፦ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ለመግባት ምን ላዘጋጅ?

መ፦ አንዱ የወጣት ሳይንቲስቶች ኔትወርክ፣ ግሎባል ያንግ አካዳሚ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው፤ ጽሕፈት ቤቱ ጀርመን ሃለ ከተማ ነው። ከ200 በላይ አባል አይዝም፤ የአባልነት ዘመኑም አምስት ዓመት ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ቦታ ይከፈታል። ከጥሩ ጽሑፍ ባሻገር ከላቦራቶሪ ውጭ ምን እንደሠሩ ይታያል።

የኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው ግን በስሙ ነው። «የቤተሰብ ስም» ሲባል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ ጽሑፉ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው ይወጣል። በፓስፖርትዎ ያለውን ይያዙ፤ ነጻ የሆነውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ፣ የኦርኪድ (ORCID) ቁጥር፣ ያውጡና ሁሉንም በእሱ ያያይዙ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሃለ ላይ ጠዋት 10 ሰዓት የተባለ ስብሰባ በእነሱ ክረምት በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በበጋቸው 5 ሰዓት ነው። ይህን ባለማስላት ቃለ መጠይቅ ያመልጣል።

ጥ፦ የቆሮሶ ዓሣ ናሙና ለውጭ ባልደረባዬ ልልክለት እችላለሁ?

መ፦ ለዘረ መል ምርመራ ከሆነ በሻንጣ ይዘው እንዳይሄዱ! ዘረ መል ያለው ሀብት በምን ሁኔታ እንደሚወሰድ የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓ.ም.) ስላለ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ያነጋግሩ። ከዘረ መል ሀብት የሚገኘውን ጥቅም ስለ መጋራት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮልም፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውሏል። በናሙናው ላይ በሚፈርሙት ስምምነት ለምን እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ፣ ጥቅሙ እንዴት እንደሚከፋፈል በግልጽ ይጻፍ። ጤፍ ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፣ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አወጣ፣ ከዚያም ከሰረ። የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን መብት የሻረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥ፦ ስብሰባ ላይ ስናገር አገሬን ወክዬ ነው?

መ፦ አይደለም፣ ውክልና ካልተሰጠዎት። «መረጃዬ ይህን ያሳያል» ይበሉ፤ «የእኛ አቋም» አይበሉ።

ጥ፦ ቪዛውስ?

መ፦ ለሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይፈቀዳል። ውሳኔው ቀድሞ በአብዛኛው በ15 ቀን ይሰጥ ነበር፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለኢትዮጵያውያን መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። በግብዣ ደብዳቤው ላይ ወጪውን ማን እንደሚችል በስም ይጻፍ፤ «ይሸፈናል» ብቻ ከሆነ ማን እንደሚሸፍን ይጠየቃሉ።