የአሳማ ብሌን ለትራኮማ ጠባሳ ይሆናል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «የአባቴ ዐይን በትራኮማ ነጭ ለብሷል፤ የአሳማ ብሌን ይተከላል ይባላል፤ ሰውነታቸው አይገፋውም ወይ?» ብለህ ከሞጣ ለጠየቅኸው። (ብሌን የምለው የዐይንን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ንብርብር ነው።)

1. ሕይወት ያለው የአሳማ ብሌን በመደበኛ ሕክምና አይሰጥም። ቀብድ አምጣ የሚል ደላላ ከመጣ በሩን አሳየው። የሚገፋበት ምክንያት ይኸውልህ፦ የአሳማ ሴል ላይ አልፋ ጋል የሚሉት ስኳር አለ፤ የእኛ ሴል የለውም። ይህን ስኳር የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ምንም ሳይተከልብን በደማችን ውስጥ አለ። በዘረመል ሥራ ስኳሩ የጠፋላቸው አሳማዎች ተገኝተዋል፤ ሆኖም ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነት ተከላካዮች የቀረውንም የአሳማ ፕሮቲን ባዕድ መሆኑን ይለዩታል። ቻይና የፈቀደችው ሴሉ ታጥቦ የወጣ የአሳማ ብሌን ነው። እሱም የፊተኛውን ንብርብር ይተካል እንጂ ውስጠኛው ገጽ ለሞተበት ዐይን አይሠራም። (ሃይማኖቱን ለንስሐ አባታቸው ተውላቸው።)

2. የሰው ብሌንም ይገፋል፤ አንተን ሊያሳስብህ የሚገባው ይኸ ነው። ጤነኛ ብሌን ደም ሥር ስለሌለው ተከላካይ ሴሎች በቀላሉ አይደርሱበትም። የትራኮማ ጠባሳ ግን ደም ሥር ስቦ ያስገባል። ስለዚህ ሐኪሙን «ደም ሥሩ ስንት አቅጣጫ ገብቷል?» በለው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ካለ መጀመሪያ እሱ በቀዶ ሕክምና ይቃና፤ አለዚያ አዲሱን ብሌን ሲፍቀው ይውላል። በውስጠኛው ገጽ ላይ ያሉት ሴሎች ውኃውን ከብሌኑ እየቀዱ በማውጣት ጥርት የሚያደርጉት ናቸው፤ ሰው ላይ ከሞቱ አይተኩም፣ ብሌኑም አብጦ ይደፈርሳል።

ከተተከለ በኋላ ጉዳዩ ሁሉ ጠብታው ነው። መገፋትን የሚከላከለው ጠብታ ፕሬድኒሶሎን 1 በመቶ ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ በደንብ ይናጥ፤ ሳይናጥ ከተጨመረ የሚገባው ውኃው ብቻ ነው። ሌላ ጠብታ ካለ በመካከሉ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ቅላቱ ጠፋ ብሎ ማቆም የለም፤ በሐኪም ትእዛዝ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀነሳል። ጠብታው የዐይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል በየቀጠሮው ግፊታቸው ይለካ። መድኃኒቱ በየፋርማሲው ስለማይገኝ ከከተማ ሳትወጣ ትርፍ ብልቃጥ ያዝ።

ዐይናቸው ከቀላ፣ ብርሃን ከጠላ፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ካመማቸው በዚያው ቀን ውሰዳቸው። አሸዋ የገባ ያህል ከቆረቆራቸው ብሌኑ የተሰፋበት ክር ላልቶ ይሆናል፤ የላላ ክር ደም ሥር ይጠራል። ካርድ ክፍሉ «ቀጠሯቸው ገና ነው» ብሎ ፊቱን ቢያጠቁርብህ አትመለስ፤ «ብሌን የተተከለ ዐይን ነው፣ ዛሬ በስሊት ላምፕ (ዐይን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ) ይታይ» በል።