ኋላው ለማይታይ ቫን፦ ስለ ስፖኪዮ፣ ስለ ካሜራና ወደ ኋላ ስለ መንዳት ጥያቄና መልስ

ስፕሪንተር፣ ትራንዚት ወይም ፕሮማስተር በሚባሉ ቫኖች ላይ የተሠራ አነስተኛ አርቪ (እንደ ቤት የሚታደርበት የጉዞ መኪና) የምትነዱ፣ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ አሁን ቫን ወደ አርቪ በሚቀየርበት ጋራዥ ኤሌክትሪክ እዘረጋለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ስለሚያቀላቅሉ እሱን ላስቀድም። ኋላን ማየት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው በፍጥነት እየሄዱ ከኋላና ከጎን የሚመጣውን ማየት ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ ሲነዱ ከፓራውልቱ ሥር ያለውን ማየት ነው። ለአንዱ የተሠራ ዕቃ ሌላውን ሥራ በደንብ አይሠራም። ገንዘብ የሚባክነውም ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ትራንዚት ላይ የተሠራ አርቪ ገዛን። ከኋላ አልጋና ቁም ሣጥን ስላለ በውስጠኛው መስታወት ምንም አይታይም። ከየት ልጀምር? ኋላው መዘጋቱስ ሕገወጥ ነው ወይ?

መልስ፦ ከስፖኪዮ ጀምር ወንድሜ፤ ምንም አትገዛም። መጀመሪያ ወንበርህን ረጅም መንገድ ስትሄድ እንደምትቀመጠው አስተካክል። ወንበሩ ከተስተካከለ በኋላ የተስተካከለ ስፖኪዮ ብቻ ነው የሚታመነው። የላይኛውን ትልቁን ጠፍጣፋ መስታወት የመኪናህ ጎን በውስጠኛው ጠርዝ በኩል በቀጭኑ እንዲታይህ፣ አድማሱ ደግሞ መሐል ላይ እንዲውል አድርገው። ከታች ያለውን ጎበጥ ያለ ትንሹን መስታወት ወደ ታች አዘንብለውና የኋላ ጎማህ መሬት የሚነካበትን ቦታና የጎንህን መስመር አብረህ እይ። ጎበጥ ያለው ሰፊ ቦታ ቢያሳይም ነገሩን ያሳንሳል፤ ያነሰ ነገር ደግሞ የራቀ ይመስላል። ስለዚህ በጎባጣው «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ብቻ ጠይቅ። «ምን ያህል ርቀት አለኝ?» ለሚለው ጠፍጣፋውን ተመልከት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቤት መኪና ለሚነዱ ሰዎች «የራስህ መኪና እስኪጠፋብህ ድረስ ስፖኪዮህን ወደ ውጭ ግፋ» የሚል ጥሩ ምክር አለ። ያ ምክር የሚሠራው የውስጡ መስታወት መሐሉን ስለሚሸፍን ነው። የአንተ የውስጥ መስታወት ግን ምንም አያሳይም። ያንን ብታደርግ ከኋላህ የተጠጋው መኪና ሙሉ በሙሉ ይጠፋብሃል።

ኋላው መዘጋቱ ሕገወጥ ነው ወይ ብለህም ጠይቀሃል። በፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደረጃ የውስጡ መስታወት በቂ የማያሳይ ከሆነ የቀኙ የውጭ ስፖኪዮ ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ቀኙ ተሰብሮ «ነገ አስተካክላለሁ» እያሉ መንዳት በቫን ላይ አይሠራም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የእኔ የ2021 ነው፤ ካሜራ ከፋብሪካው አለው። ሻጩ ሌላ ካሜራ ጨምር ይለኛል። ብር ሊበላኝ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የፋብሪካው ካሜራ የሚያሟላውን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የተመረተ፣ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ ያልበለጠ ማንኛውም አዲስ መኪና የኋላ ካሜራ ሊኖረው ግድ ነው። ካሜራው ከመኪናው ኋላ 10 ጫማ ስፋትና 20 ጫማ ርዝመት ያለውን ቦታ ማሳየት አለበት። የኋላ ማርሽ ሲገባም ምስሉ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መምጣት አለበት። ይህ ሁሉ የተጻፈው ለሁለተኛው ሥራ ነው፤ መሬት መሬቱን ለማየት። ማርሹን ወደ ፊት ስታዞረው ምስሉ ይጠፋል። አውራ መንገድ ላይ ከኋላህ ያለው ነገር አሁንም አይታይህም ማለት ነው። ሻጩ ያለህ ለዚህ ከሆነ እውነቱን ነው።

ሁሉም አርቪ በዚህ ደንብ ውስጥ እንደማይገባም እወቁ። የሾፌር በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የክብደቱን ቁጥር እሱ ላይ ታገኙታላችሁ። በፎርድ ኢ-450 ላይ የሚሠሩት አርቪዎች 14,500 ፓውንድ ስለሆኑ ደንቡ አይመለከታቸውም። አንዳንድ ከበድ ያሉ ስፕሪንተሮችም ከ10,000 በላይ ናቸው። ያገለገለ ስትገዙ «አዲስ ሞዴል ነው፣ ካሜራ ይኖረዋል» ብላችሁ አትመኑ፤ የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ እዩ።

ሕጉ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ደግሞ ካሜራውን እንደ ቅንጦት አትቆጥሩትም። በ2002 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ተገጭቶ ሞተ። ሕጉ በ2008 በስሙ ወጣ። ደንቡ በ2014 ሲጸድቅ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያቀረበው ግምት ይህ ነበር፦ በዓመት 210 ሰው ገደማ በዚህ ዓይነት አደጋ ይሞታል፣ 15,000 ገደማ ይጎዳል፤ ከሟቾቹ 31 በመቶው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የካምፕ ቦታ ደግሞ ልጆች በብስክሌት የሚሽከረከሩበት ቦታ ነው። ይህን ሳስብ ለማንም ቫን ካሜራ ሳልፈትሽ ማስረከብ አልችልም።

ምርጫህ እንግዲህ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነው፤ አንዱ ወደ ታች መሬቱን፣ ሌላው ቀጥ ብሎ መንገዱን ያያል። ከላይ ጣሪያው ጫፍ መሐል ላይ ይገጠማል። የመንገዱ ዓይን ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ክፍት ይሆናል፤ የኋላ ማርሽ ሲገባ ስክሪኑ ራሱ ወደ ታቹ ይቀይራል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ሽቦ የሌለው ካሜራ ብገዛስ? ግድግዳ ማፍረስ አልፈልግም።

መልስ፦ ከቻልክ ሽቦ ያለውን ግዛ። ሽቦ አልባዎቹ በብዛት የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ነው። ይህ የዋይፋይና የብሉቱዝ መንገድ ስለሆነ ካምፕ ቦታ ላይ ሞልቶ ይጨናነቃል። በዚያ ላይ የቫኑ አካል ብረት ነው፤ ብዙ ሰው ግድግዳው ውስጥ የሚያስገባው ሙቀት መከላከያም አልሙኒየም የተለበጠ ነው። ምስሉ የሚቆራረጠው ልክ በምትፈልገው ሰዓት ይሆናል። የቀዘቀዘ ምስል ደግሞ ከጨለመ ስክሪን የከፋ ነው፤ ባዶ የነበረውን መሬት አሁንም ባዶ ነው እያለ ያሳይሃል።

ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግህም። የኋላ በሩና አካሉ መሐል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ ቱቦ አለ፤ የበሩ ሽቦዎች የሚያልፉት በእሱ ነው። የካሜራውን ገመድም በዚያው አሳልፈው፤ ከዚያ በጣሪያው ጠርዝ ወይም ከወለሉ ሥር ወደ ጋቢና ይመጣል። በሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ አትብሳ፤ ውኃ ያስገባል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ኃይሉን በተመለከተ ብዙ ሰው ካሜራውን ከኋላ ማርሽ መብራት ላይ ይቀጥለዋል። ለመሬቱ ዓይን ብቻ ከሆነ ይሠራል። በአንዳንድ አዳዲስ ቫኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ ለመብራቱ የሚልከው ኃይል እየቆራረጠ ነው። ለዓይን አይታወቅም፤ ካሜራው ላይ ግን ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። መፍትሔው ዋናውን ኃይል ቁልፍ ሲዞር ከሚበራ መስመር ላይ በራሱ ፊውዝ መውሰድ፣ የማርሹን መብራት ደግሞ ለምልክት ብቻ መጠቀም ነው። ስትገዛ አይፒ69ኬ የሚል ካለ እሱን ምረጥ፤ በግፊት የሚረጭ ሙቅ ውኃ እንዲችል የተፈተነ ማለት ነው።

ከገጠምክ በኋላ ሳትረሳ ግራና ቀኙን ፈትሽ። አንድ ሰው በግራህ በኩል ከኋላ ይቁም፤ ስክሪኑም ላይ በግራ መታየት አለበት። በቀኝ ከታየ የካሜራው ምስል መገልበጫ አልተስተካከለም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ወንድም ጋሼ፣ ልጆቼ በመስታወቱ ቦታ የሚገባ ስክሪን ገዙልኝ። ሌላው ሁሉ ያመሰግነዋል፣ እኔ ግን ብዥ ይልብኛል። ለማንበብ መነጽር አደርጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ከዕቃው ወይም ከእርስዎ አይደለም። በተራ መስታወት ሲያዩ ዓይንዎ የሚያተኩረው መስታወቱ ላይ ሳይሆን በውስጡ በሚታየው ሩቅ መኪና ርቀት ላይ ነው። ስክሪን ግን ሥዕሉ እዚያው አጠገብዎ ነው፤ ዓይን ከሩቅ መንገድ ወደ ቅርብ ስክሪን መቀያየር አለበት። ዕድሜ ሲገፋ የሚቸግረው ይህ ነው። የንባብ መነጽር አድርገው ደግሞ አይንዱ፤ ሩቁ ይጠፋብዎታል። ልጆችዎ ባለ 7 ኢንች ስክሪን ገዝተው ክሩስኮቱ ላይ ከእርስዎ እጅግ ራቅ ባለው ቦታ፣ መንገዱን በማይከልል ከፍታ ይግጠሙልዎ። ከፊት መስታወቱ ላይ ካለው እጅጉን ይሻላል። የዓይን ሐኪምዎንም ስለ ባለ ሁለት እይታ መነጽር ይጠይቁ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልጨምር፤ በሰዓት 60 ማይል ስትሄዱ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ 54 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ስክሪኑን ገረፍ አድርጋችሁ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የኋላ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ፍሬኔል ሌንስ (ሰፋ ያለ ቦታ የሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ) ይረዳል?

መልስ፦ መስኮትህ ክፍት ከሆነና መሐሉን የሚጋርድ አልጋ ከሌለ አዎ፤ ዝቅ ብሎ የቆመን ነገር ያሳይሃል። ሲመሽ ወይም መስኮቱ ጥቁር ፊልም ካለው አትደገፍበት።

ጥያቄ፦ የብስክሌት መያዣ ስገጥም የኋላው ሴንሰር መጮህ አያቆምም።

መልስ፦ የሚጮኸው መያዣውን ስላየ ነው፤ መያዣውን ሲያይ ደግሞ ከጀርባው ያለውን አያይም። ስለዚህ ብስክሌት በጫንክ ቀን ሴንሰር የለህም ብለህ ንዳ። ባይጫንም ቀጭን ብረትና ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያመልጡታል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ እኔ የቱሪስት መኪና ነው የምነዳው፤ ላንድክሩዘር፣ ኋላው ድንኳንና ምግብ እስከ ጣሪያ። ካሜራ አስገጥሜያለሁ፣ ግን ከአስፋልት ስወጣ በአቧራ ይታወራል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኋላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፤ ጎማው ያነሣውን አቧራ ወደ ራሱ ይስበዋል። በደጋ ጭቃም፣ እዚህ በኮሎራዶ የክረምት ጨውም የሚሆነው ይኸው ነው። ካሜራውን ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ አያጠፋውም። ለመኪና ፊት መስታወት የሚቀባውን ውኃ የሚያሸሽ ፈሳሽ ቀባው፤ ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ጠርሙስ ውኃ በበሩ ኪስ ይኑር፤ ወደ ኋላ ከመንዳትህ በፊት ውረድና ጥረገው። መውረዱ ራሱ ካሜራው ከሚሰጥህ ይበልጣል፤ ኋላውን በዓይንህ አየኸዋላ። እዚህ የከባድ መኪና ትምህርት ቤቶች አጥብቀው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፦ ከተጠራጠርክ ውረድና እይ። ረዳት ካለህ ደግሞ በእሱ ተጠቀም፤ ለቱሪስቶቹ ውኃ እያደለ አይደለም መቆም ያለበት።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ረዳት ካልክ አይቀር፣ ባለቤቴ ወርዳ ስትመራኝ ካምፑ ሙሉ እስኪሰማ እንጯጯሃለን።

መልስ፦ ጥፋቱ የእሷም የአንተም አይደለም፤ ቋንቋ አልተስማማችሁም። የአገራችን ረዳቶች «ና፣ ና፣ ና… ስበር… አቅና… በቃ!» ሲሉ ሾፌሩ እያንዳንዷን ቃል ያውቃታል። እናንተም ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ተስማሙ። «ግራ» ስትል የመሪው ነው ወይስ የመኪናው ኋላ? ይህን ብቻ ብትወስኑ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። የእኔ ምክር እጇ የሚያሳየው የመኪናው ኋላ መሄድ ያለበትን አቅጣጫ ይሁን። ከመጮህ ይልቅ ስልክ ደውሉና ድምፁን በመኪናው ስፒከር ስማ።

እሷ የምትቆመው በግራ ስፖኪዮህ ውስጥ ነው፤ በመኪናው ቀጥታ ኋላ በፍጹም አይደለም። ከስፖኪዮው ከጠፋች ቁም፤ የት እንደሄደች እስክታውቅ አንድ ስንዝር አትንቀሳቀስ። «ቁም» የማለት መብት ደግሞ የማንም ነው፤ የልጆቹም፣ የጎረቤት ካምፐርም። ስትሰማ ፍሬን ያዝ፣ ለምን ብለህ ኋላ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ማደያ ላይ ወደ ግራ ዞሬ ስወጣ የቀኝ ኋላዬ ምሰሶ ገጨ። ስፖኪዮዬን አይቼ ነበር።

መልስ፦ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ትርፍ አካል መሪ ስትጠመዝዝ ወደ ተቃራኒው ይወረወራል። ትርፉ 2 ሜትር ከሆነ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጠርዙ ወደ 30 ሳንቲሜትር ሊወጣ ይችላል። ትርፉ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ውርወራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ከጎንህ ትይዩ የጠመኔ መስመር አስምር፣ መሪውን አሟጠህ ጠምዝዘህ ቀስ ብለህ ውጣ፤ ሌላ ሰው ጠርዙ መስመሩን ምን ያህል እንዳለፈ ይለካልህ። ያንን ልኬት ወረቀት ላይ ጽፈህ ጋቢና ለጥፈው። ምሰሶ አጠገብ ስትሆን መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ውጣ፣ የመኪናህ የኋላ ጫፍ ምሰሶውን ሲያልፍ መሪ ጀምር፤ ዓይንህም መኪናው በሚዞርበት በኩል ብቻ ሳይሆን በተቃራኒው ስፖኪዮም ይሁን።

ጥያቄ፦ ማታ ካምፕ ስንደርስ ካሜራው ጥቁር በጥቁር ነው።

መልስ፦ ካሜራው ሳይሆን መብራቱ ነው የጎደለው። የቫን የኋላ ማርሽ መብራት ለዚያ ጨለማ አይበቃም። ሁለት ነጭ ኤልኢዲ መብራት ከፓራውልቱ በላይ ግጠምና በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ) አድርገህ ከኋላ ማርሹ ጋር ብቻ እንዲበራ አድርገው፤ የመብራቱን ኃይል በቀጥታ ከማርሹ ሽቦ አትውሰድ፣ ሽቦው ያንን ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም። ወደ መሬት አዘንብላቸው፤ ወደ ላይ ካዩ ካሜራውንም ድንኳን ውስጥ የተኛውንም ጎረቤት ያሳውራሉ።